በጥድ በር የሰጠሁት ቃል

በሥራ ዘመኔ ካደረግኋቸው ጉዞዎች ሁሉ አጭሩ ይህ ነው፤ ከማክሰኞ እስከ እሑድ። ስለ ሐረርና ስለ ጎንደር መንገድ ለልጆቼ እስኪሰለቹ አውርቻለሁ። ስለ አምባሰል ሲጠይቁኝ ግን «ደረቅ ነበር» ብዬ ወሬ እለውጣለሁ። ዘንድሮ ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ስጀምር ያን ጊዜ የያዝኩትን ደብተር ከሣጥን አወጣሁት። ቁመትና ስፋት፣ ውፍረትና ርቀት ብቻ ነው የተጻፈበት። አንድም ሰው የለበትም። ሰዎቹን አሁን ልጻፋቸው።

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ጥንታዊ ሕንጻዎችን በሚመዘግብ መሥሪያ ቤት በነዳፊነት እሠራ ነበር። የተጣመመውን ግድግዳ እንደ ተጣመመ ለክቼ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው ሥራዬ። የምንመዘግበውን ለማደስ ግን አቅም አልነበረንም፤ ዛሬ የመዘገብነው በሦስተኛው ዓመት ፈርሶ እናገኘዋለን። በዚያ ዓመት አንድ የውጭ አገር ድርጅት ለአሮጌ ሕንጻዎች ማደሻ ገንዘብ እንደሚለግስ ጻፈልን። አለቃዬ ፋይሎቹን አገላብጦ በአምባሰል ተዳፋት ላይ ያለውን የጥድ በር መስጊድ መረጠ። ድርጅቱ የሕንጻውን ሥዕል ከነልኩና ፎቶግራፉን ጠየቀ። ከሁሉ በላይ ግን የፈለገው አሮጌው እንጨትና ግንብ በቦታው መኖሩን ነው። እንጨቱ ከተወሰደ ወይም ከተለወጠ ልገሳ የለም። ማመልከቻ የሚያየው ጉባኤያቸው የሚሰበሰበው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እኔ አውቃት ነበር።

ማክሰኞ

በግንቦት ወር፣ ማለዳ ተነሣን። አዲስ አበባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ትል ነበር፤ በየአደባባዩ ቅስት ይቆማል፣ የመንገድ ዳር አጥር ሁሉ ቀለም ይቀባል። ሾፌራችን ጋሽ በላይ ላንድሮቨሯን እንደ በቅሎ የሚያባብል፣ ከሰው ጋር ግን እምብዛም የማያወራ ሰው ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ጣቶቻችንን አደነዘዛቸው። ጣርማ በርን በዋሻው አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

እዚያ ጎማ ተነፈሰ። ጋሽ በላይ ተለዋጩን ቢያወርድ እሱም አየር የለውም። «ሞልተንልሃል ብለውኝ ነበር» አለና ከጎማው ላይ ተቀመጠ። በመንገዱ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ ሴትዮ ከጆንያ የተሠራች ጥላቸው ሥር አስጠግተው በጣሳ ውሃ ሰጡን። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጎማችንን ወስዶ አስጠግኖ እስኪመልስልን ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ቁጭ አልን። ሴትዮዋ ስንሄድ ሽንኩርት ቋጥረው በመስኮት ወረወሩልኝ። ገንዘብ ብዘረጋ ፊታቸውን አዞሩ።

እኔ ያደግሁት ጅማ ነው። እኛ ዘንድ በግንቦት መኪና የሚያስቆመው ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እራት እየበላን አንደማመጥም። እዚህ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ እጅ ይገባል። የበልግ ዝናብ አለመዝነቡን ኮምቦልቻ ያደርንበት ሆቴል ባለቤት ነገረን። የነገረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዙሪያውን እያየ ነው፤ ዝናብ አለመዝነቡም ምስጢር ሆኖ ነበር።

ረቡዕ

ደሴ ላይ የይለፍ ወረቀታችን ላይ ማኅተም ለማስመታት ቆምን። ማኅተሙን የመታልን ሰው አንገቴ ላይ ያለውን ካሜራ አየና፣ «ሕንጻ ብቻ ነው የምታነሣው። ሰው አታነሣም» አለኝ።

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ምክንያቱን ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ አየሁት። ሰዎች ወደ ደሴ ይጓዛሉ፤ አይነጋገሩም፣ መኪና ሲመጣም አይፈጥኑም። አንዱ ሰውዬ በር ተሸክሞ ነበር፤ የቤቱን በር፣ ከነማጠፊያው። ጋሽ በላይ መኪናዋን አቀዝቅዞ አየውና ዳር ይዞ አለፈው።

ሐይቅ ከተማ ያደርነው እትዬ ሉባባ ቤት ነው። መንገደኛ የሚያሳድሩ፣ ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ፣ ሰፋ ያለ ፊት ያላቸው ሴት ናቸው። ዓሣውን በበርበሬና በሎሚ አሽተው ጠብሰው ሲያቀርቡ ሽታው ብቻውን ያጠግባል። ከጓሮአቸው ሐይቁ ይታያል፤ ውሃው ከዳር እየሸሸ ሄዶ ጥቁር ጭቃ ትቷል። ወዲያ ማዶ የገዳሙ ዛፎች ብቻ ለምልመው ይታያሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ተቀምጬ በነደፍሁት። ግን ከጓሮው በር ላይ ሰዎች ነበሩ፤ እትዬ ሉባባ የዓሣውን ጭንቅላት ቀቅለው መረቁን በቆርቆሮ ጣሳ ያድሏቸዋል። ተራ ይዘው፣ ሳይጋፉ ነው የሚቀበሉት።

«ወዴት ነው መንገዳችሁ አቦ?» አሉኝ ሲመለሱ።

«ወደ ጥድ በር። መስጊዱን ለማሳደስ ልለካ ነው።»

«ማሻ አላህ» አሉ። እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ። «መልካም ሥራ ነው። እኛንስ ማን ያድሰን ይሆን?»

ሽሙጥ አልነበረበትም። ጠዋት ስንነሣ አምስት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ «ባዶ እጅህን አትውጣ። የዚያ አገር ሰው ያለውን ያበላሃል፤ የሌለውንም ያበላሃል» አሉኝ።

ሐሙስ

ውጫሌ የገባነው ገበያው ሳይሞላ ነው። ደርቶ የነበረው እንጨት ተራው ነው፤ እንደኛ መርካቶ ጣውላ ተራ ቁልል በቁልል ሆኗል። እኔ ለማገዶ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።

«ይህ ሁሉ ዛፍ ከየት ተገኘ?» አልሁ።

«ጥላሸቱን አታይም?» አለ ጋሽ በላይ። «የቤት እንጨት ነው። ጣሪያቸውን እያፈረሱ ነው የሚሸጡት።»

ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንድ ረዥም፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው መጥረቢያ ትከሻው ላይ አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር። ከጥድ በር ገበሬ ማኅበር የተላከልኝ አናጺ ነው፤ ካሳዬ ይባላል። አንቱ ስለው ሳቀ። «አንቱታው ለመስጊዱ ሸህ ይቆይ። እኔን አያ ካሳዬ በለኝ፣ ይበቃኛል።» ጋሽ በላይ ከመኪናው ጋር ውጫሌ ቀረ። እኔና አያ ካሳዬ መለኪያዬንና የሥዕል ሰሌዳዬን ተካፍለን ዳገቱን ያዝን።

አራት ሰዓት ሄድን። ደጋግሞ አረፍ ይላል፤ ለእኔ ብሎ መስሎኝ «አልደከመኝም» አልሁት። «አንተማ አልደከመህም» አለ። በመንገድ ስለ መስጊዱ ነገረኝ። ያቆመው የሸሁ አባት ነው፤ እንጨቱን የጠረበው ግን የእሱ የካሳዬ አባት ነው፤ ክርስቲያን፣ የማርያም ማኅበርተኛ።

«ክርስቲያን ሆኖ መስጊድ ሠራ?» አልሁ እንደ አላዋቂ።

«ታዲያ እንጨት ሃይማኖት አለው? የቤተ ክርስቲያናችን ክዳን ሲያፈስ ሣሩን ያመጡልን እነሸሁ ናቸው። አንተ የት አገር ነው ያደግኸው?»

ጥድ በር ሠላሳ ያህል ቤቶች በሸንተረር ላይ የተደረደሩበት መንደር ነው። ከቤቶቹ ገሚሱ ባዶ ነበር። መስጊዱ ግን… ስለ ሕንጻ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ስለዚህኛው ቃል ያጥረኛል። ክብ ነው፣ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ። ከውጭ ስታዩት የሣር ክዳኑ ተቦጫጭቆ የታመመ ጎተራ ይመስላል። ጎንበስ ብላችሁ ስትገቡ ዐሥራ ሁለት የጥድ ምሰሶዎች በክብ ቆመው ይጠብቋችኋል። ከእነሱ ላይ ወጋግራዎቹ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ተዘርግተው ከመሐል ይገናኛሉ፤ አንድም ሚስማር የለም፣ ሁሉም በጠፍር የታሰረ ነው። ጥዱ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም ይሸታል። ካሜራዬን ረስቼ ቀና ብዬ ቆምሁ።

«ወደድኸው?» አለ አንድ ድምፅ። ሸህ እንድሪስ ነበሩ፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቀጭን፣ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ።

«እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አልኋቸው። ውሸት አልነበረም።

ያደርሁት እሳቸው ቤት ነው። ባለቤታቸው እማማ ፋጡማ የገብስ ገንፎ በቅቤ ፈንታ በትንሽ ዘይት አድርገው አቀረቡልኝ። ብቻዬን በላሁ። ዳቦዎቹን ሰጥቼ አብረን እንብላ ብላቸው፣ ሸሁ «ሻዕባን ነው ልጄ፣ ረመዳን ሊገባ ነው፤ እኛ እየጾምን ነው» አሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ በምን እንዳፈጠሩ አላየሁም። ዳቦውን እማማ ፋጡማ ቆራርሰው ለጎረቤት ሲያዳርሱ ግን አየሁ።

ዓርብ

ሥራዬን በጠዋት ጀመርሁ። አንድ ምሰሶ እንኳ ሳልጨርስ የብረት መለኪያዬ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ተሰበረ። መሬት ላይ ተቀምጬ ልገጣጥመው ስታገል አያ ካሳዬ ቆሞ አየኝና ሄዶ ገመድ አመጣ። በየክንዱ ቋጠሮ እያደረገ ለካልኝ። የእሱን ክንድ በማስመሪያዬ ለክቼ ወደ ሜትር ለወጥሁት። እስከ ቀትር ዐሥራ ሁለቱንም ምሰሶዎች፣ ወጋግራውን፣ የግንቡን ውፍረት ወሰድን። መሰላል ላይ ሲወጣ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ምሰሶውን አቅፎ ቆየ።

«ና ውረድ፣ ምሳ እንብላ» አልሁት። «ወይስ አንተም ትጾማለህ?»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም» አለ ከላይ ሆኖ። «ታዲያ ከትናንት ጀምሮ ምን ስበላ አየኸኝ?»

ደነገጥሁ። ከያዝኩት ሰርዲን አንዱን ከፍቼ ሰጠሁት። ግማሹን በላና ግማሹን ክዳኑን መልሶ ኪሱ ከተተው፤ ሚስቱ ታማ ተኝታ ነበር።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ የመንደሩ ሰው አልተበተነም። ክርስቲያኖቹም መጥተው ከመስጊዱ በር ላይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ ለእኔ ክብር የተሰበሰቡ መስሎኝ ነበር። ሸህ እንድሪስ ተነሥተው ነገሩን ሲያስረዱ ነው የገባኝ። አንድ የእንጨት ነጋዴ መስጊዱን አይቷል። ጥዱ የማይነቅዝ መሆኑን ስላወቀ፣ ምሰሶውንና ወጋግራውን ከሰጡት ለመንደሩ እስከ አዝመራ የሚያደርስ ማሽላ አመጣለሁ ብሏል። እሑድ ለመልሱ ይመጣል። የየራሳቸውን ቤት እንጨት አብዛኞቹ ሸጠው በልተዋል። የቀረው ይህ ነው።

መጀመሪያ የተናገረው አያ ካሳዬ ነው። «ይህን ቤት አባቴ ነው የጠረበው። እጁ ያረፈበትን ስነካ እሱን የነካሁ ይመስለኛል። ግን እላችኋለሁ፣ ይሸጥ። እኔው ራሴ እፈታዋለሁ፤ አንድ እንጨት አልሰብርም። ሰው ከኖረ ሌላ ጥድ ይበቅላል፣ ሌላ አናጺ ይወለዳል።»

ማንም አልተቃወመውም። ሸህ እንድሪስ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መስጊዱ ዞረው አዩ። «መስጊድ ሰጋጅ ሲኖረው ነው መስጊድ የሚባለው» አሉ። «በዚህ ዛፍ ሥር ብንሰግድ አላህ አይቀበለንም? ይቀበለናል። አባቴም ቢኖር ከእንጨቱ ይልቅ እናንተን ይመርጥ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ግን ይህ እንግዳችን ለዚሁ ቤት ብሎ ከሸገር ድረስ መጥቷል። ሳንሰማው አንወስንም። ተናገር ልጄ።»

ተነሣሁ። እስከ ዛሬ ያን ቀን ምን ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ሽጡ፣ ማለት ነበረብኝ። ወይም ቢያንስ እውነቱን፤ ጉባኤው በዓመት አንዴ ነው፣ ወረቀቱ ቢሳካ እንኳ ብዙ ይቆያል፣ ላይሳካም ይችላል። ነገር ግን ጠዋቱን ሙሉ ያንን ጣሪያ ስመለከት ውያለሁ። አለቃዬ «ይህ ከተሳካ ሌላ ዐሥር ሕንጻ እናተርፋለን» ብሎኛል። የእኔን ሥዕል የውጭ ሰዎች ሲያደንቁት ይታየኛል። እናም፣ «እንጨቱ ከተነካ እርዳታው ይቀራል» አልሁ። «ካልተነካ ግን ሕንጻው ይታደሳል። ሥራው ሲጀመር ሠራተኛ የሚቀጠረው ከዚሁ መንደር ነው፤ ወንዱም ሴቱም የቀን ሥራ ያገኛል።»

ጉምጉምታ ተነሣ። የቀን ሥራ የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ሰማሁት።

«መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉ ሸሁ።

«ከመስከረም በፊት ይሆናል።»

«ይሆናል ነው ወይስ ነው?»

ሁሉም ያዩኛል። አያ ካሳዬም ያየኛል። «ነው» አልሁ።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሸህ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሁሉም እጁን ዘረጋ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «አሚን» አለ። ለእኔም መረቁልኝ፤ ያሰብኸው ይሙላልህ፣ አላህ ወልደህ ሳም ይበልህ አሉኝ። እኔም አሚን አልሁ።

ቅዳሜ

የቀረኝን ፎቶግራፍ አነሣሁ። ደሴ የታዘዝኩትን አክብሬ፣ ሰው ከፊት ሲያልፍ እስኪርቅ እጠብቅ ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ በሩ፣ ግንቡ፣ ምሰሶው፣ ማንም የለም። ዛሬ ሳያቸው የሚያመኝ አንዱ ይህ ነው።

እማማ ፋጡማ ለመንገዴ ገንፎ ሠርተው አበሉኝ። እምቢ ብል «እንግዳ ሳይበላ ከቤቴ አይወጣም» ብለው አጠገቤ ቆሙ። ስንሰነባበት ሸሁ ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ፣ «ቶሎ ና» አሉኝ። አያ ካሳዬ እስከ ቁልቁለቱ ግማሽ ሸኘኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ አልሄድ ስላለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ተናደድኸብኝ?» አልሁት።

«ለምን እናደዳለሁ? ቤቱ እንዲተርፍ እኔም እፈልጋለሁ።» መጥረቢያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «ብቻ መስከረም ሩቅ ነው። ከቻልህ ነሐሴ አድርገው።»

ውጫሌ ስደርስ ጋሽ በላይ ምን እንዳበሉኝ ጠየቀኝ። የገብስ ገንፎ አልሁት። እሱ የገጠር ልጅ ነው፤ መሪውን እንደ ያዘ፣ «በዚህ ሰዓት እዚያ አገር ገብስ ካለ የክረምት ዘር ነው» አለ። «ሦስት ቀን የበላኸው ዘራቸውን ነው።»

ከውጫሌ ወጥተን ሐይቅ ስናልፍ እትዬ ሉባባ ቤት አልቆምንም። እኔ ነኝ እንዳንቆም ያልሁት። ደሴ አደርን፤ እራት ቀርቦልኝ አልበላሁም።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ነድተን ወደ ማምሻው አዲስ አበባ ገባን። መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ከተማው ሲጀምር ያየሁት አዲስ ቅስት ነው፤ ከምርጥ እንጨት የተሠራ፣ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ። ጋሽ በላይ ከሥሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየውና ምራቁን በመስኮት ተፋ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ሰኞ ለአለቃዬ ያየሁትን ነገርሁት። በሩን ዘጋና፣ «እኔም ሰምቻለሁ፤ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ» አለኝ። ማመልከቻውን አብረን ሞላን። ሕንጻውን የሚያሰጋው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ነበረበት። ረሃብ ብለን ልንጽፍ አንችልም። «የዝናብ ፍሳሽና ምስጥ» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ጠብታ ባልዘነበበት አገር።

መስከረም መጣ፣ በዓሉ ተከበረ። ከውጭ አገር ምንም አልተሰማም። ለጥድ በር ገበሬ ማኅበር ትንሽ ታገሡ የሚል ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓለም ሁሉ የወሎን ሰው በቴሌቪዥን አየ። ልገሳው የተፈቀደው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ደብዳቤው «ኅብረተሰቡ ቅርሱን በዚህ ሁኔታ ጠብቆ በማቆየቱ» ይል ነበር፤ ጉባኤው በጣም ተደንቋል። አለቃዬ አቅፎ ሳመኝ።

በጥቅምት ከደሴ አናጺና ግንበኛ ይዤ ሄድሁ። ሐይቅ ላይ እትዬ ሉባባ ቤት ገባሁ፤ ከስተዋል። ስለ ጥድ በር ሰዎች ሳልጠይቃቸው እሳቸው ጀመሩልኝ። «ካሳዬ የሚባል አናጺ በሰፈራ መኪና ተጭኖ በዚህ አለፈ። ሚስቱ ሞታ ነበር። መጥረቢያውን ይዞ ነው የሄደው። ‹የሥዕሉ ልጅ በዚህ አላለፈም ወይ?› ብሎ ጠይቆኛል።» ወዴት እንደ ወሰዱት አያውቁም፤ ወለጋ የሚሉ አሉ፣ ጎጃም የሚሉም አሉ።

ጥድ በር ከሸንተረሩ ላይ ሲታይ ሌላ አገር ይመስል ነበር። ዝናብ ዘንቦ ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጓል። ከሠላሳዎቹ ቤቶች ጣሪያ ያለው አራት ብቻ ነው። የሌሎቹ ግድግዳ ብቻውን ቆሟል፤ ማገሩ፣ በሩ፣ ወጋግራው ሁሉ ተነቅሎ ተሸጧል። በመካከላቸው መስጊዱ ቆሟል።

ሥዕሌን ከጥቅሉ አውጥቼ ገባሁ። ዐሥራ ሁለቱ ምሰሶዎች አሉ። ወጋግራዎቹን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁ። ጠፍሩን አየሁ። በልባቸው ማሽላ እያዩ፣ ልጅ እየቀበሩ፣ አንዲት ማገር አልነኩም። ከሥዕሌ የጎደለ ምንም አልነበረም። ወረቀቱን ይዤ ከመሐሉ ቁጭ አልሁ፤ ግንበኞቹ ከውጭ ይጠብቁኛል።

የሸህ እንድሪስ መቃብር ከግንቡ ጥግ ነው፤ ባለፈው ኅዳር ነው ያረፉት። ያሳየችኝ ሴት ከበስተኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር። ፊቷን አይቼ አልለየኋትም፤ በድምፃቸው ነው እማማ ፋጡማ መሆናቸውን ያወቅሁት። ከመጠለያ በእግራቸው ተመልሰው መጥተዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተው፣ ተነሥ። አልረገመህም» አሉኝ። «ይመጣል እያለ ነው የሞተ። ነጋዴው ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ እንኳ፣ ‹ለልጁ ቃል ሰጥተናል› ብሎ መለሰው።»

«እማማ፣ ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነበርሁ» አልሁ።

«እሱም ሰጥቶሃላ» አሉ። «የሰጠኸውን ብቻ ነው እንዴ የምታስታውስ?»

ከዚያ ወደ ግንበኞቹ ተመለከቱ። «የቀን ሥራው ተጀመረ?»

«ዛሬ ይጀመራል።»

«እንግዲያውስ ጻፈኝ።»

ጻፍኋቸው። ከጥድ በር የተቀጠሩት እሳቸውና ሌሎች ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የቀረውን ሠራተኛ ከውጫሌ አመጣን። እማማ ፋጡማ ለጭቃው ውሃ ከምንጭ በእንስራ እያመጡ፣ ጭዱን እየበተኑ፣ በእግራቸው እየረገጡ ሠሩ። ዐርፈው እንዲቀመጡ ብለምናቸው አይሰሙኝም። ክዳኑ አልቆ ጉልላቱ ሲቆም ግንበኞቹ እልል አሉ፤ እኔም ቀና ብዬ አየሁ፤ በእውነት ያማረ ነበር። እሳቸው እንስራቸውን አዝለው ከሥሩ አለፉ። ያን ሁሉ ሳምንት ስመለከታቸው፣ አንድም ቀን ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ አላየሁም።